ባጊያን በዝናብ ቀን አገኘሁት

ድሬዳዋ ያደገ ሰው ባጊያን አያጣውም። ፀሐይዋ በረድ ስትል ሰፈራችን ጥግ ላይ እማማ የምንላቸው አንዲት እናት ዝቅ ባለች በርጩማ ተቀምጠው ከሰል ላይ ብረት ድስት ይጥዳሉ። ተዘፍዝፎ የተፈጨውን ጥራጥሬ ከሳፋው በጣታቸው እየቆነጠሩ የጋለ ዘይት ውስጥ ይለቁታል። እኛ ልጆች ሳንቲማችንን ጨብጠን እንከባቸዋለን። ቡናማ ሆኖ ሲወጣ በወረቀት ጠቅልለው፣ ዳጣ ጠብ አድርገውበት ይሰጡናል። በረመዳን ወረፋው ይረዝማል፤ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ልጅ እዚያው ነው የሚሰለፈው።

ባጊያ የሚለው ስም ከየት እንደመጣ ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር። መልሱን ያገኘሁት ለትምህርት ሕንድ አገር ሄጄ፣ ጉጃራት ውስጥ አሕመዳባድ ከተማ በገባሁ በሳምንቴ ነው። የክፍል ጓደኛዬ መንገድ ዳር ያለ የጥብስ ቤት ሰሌዳ አነበበልኝ፤ «ብሃጂያ» አለኝ። ቆሜ ቀረሁ። ድሬዳዋ ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ከጂቡቲ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ ሕንዱም፣ ዐረቡም፣ ግሪኩም፣ አርመኑም ሱቅ የከፈተባት። የጉጃራት ነጋዴዎች ደግሞ ከዚያም በፊት በሕንድ ውቅያኖስና በቀይ ባሕር ዳርቻ ሲመላለሱ የኖሩ ሰዎች ናቸው። የልጅነቴ ምግብ ስሙን ይዞ የመጣው ከእነዚህ ሰዎች አገር መሆኑን ያወቅሁት እዚያ ሰሌዳ ሥር ነው።

ወዲያው ገብቼ አዘዝኩ። ጥሩ ነበር፣ ግን የእኔ አልነበረም። የአሕመዳባድ ብሃጂያ ድንች ወይ ቃሪያ ተቆርጦ፣ በሽምብራ ዱቄት ሊጥ ተነክሮ የሚጠበስ ነው። የእኛው ባጊያ ራሱ ጥራጥሬው ነው፤ ውስጡ የተደበቀ ድንች የለም። ስሙን አገኘሁ፣ ምግቡን አጣሁ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ሙሉ ትርፍ ሰዓት ባገኘሁ ቁጥር የከተማዋን ጥብስ ቤቶችና ጋሪዎች ማሰስ ሥራዬ ሆነ።

ጓደኛዬ ያስተማረኝ አንድ ነገር ብዙ ድካም አዳነኝ። «ጥሩ ምግብ የት ይገኛል ብለህ አትጠይቅ፤ የየት አገር ነው ብለህ ጠይቅ» አለኝ። ጉጃራቶች ለመክሰስ ምግባቸው ሁሉ አገር አለው። ጋትያ የሚሉት የሽምብራ ዱቄት ጥብስ የባቭናጋር ነው። በእንፋሎት የሚበስለው የሽምብራ ሎቾ የሱራት ነው። ዳቤሊ የካች ነው፤ ክብ ዳቦ ተሰንጥቆ በቅመም የታሸ ድንች፣ ኦቾሎኒና የሮማን ፍሬ ይሞላበታል። መጀመሪያ ስቀምሰው አዲስ አበባ ተማሪ ሳለሁ የምበላው እርጥብ ታወሰኝ። ጋሪው ላይ የአገሩ ስም ተጽፎ ካየህ፣ ሰውየውም እዚያው ተወልዶ ይህንኑ አንድ ነገር ብቻ የሚሠራ ከሆነ፣ ቆመህ ብላ። አሥራ አምስት ዓይነት የሚሸጥበትን ቤት እለፈው። ይህ ምክር ብዙም አላሳሳተኝም።

እሑድ ጠዋት የአሕመዳባድ ቁርስ ፋፍዳና ጃሌቢ ነው። ጃሌቢው ሐረር ላይ ሙሸበክ የምንለው ዓይነት፣ ተጠማዝሞ የተጠበሰ፣ ሽሮፕ የጠጣ ጣፋጭ ነው። እኔን የያዘኝ ፋፍዳው ነው። ሰፈሬ የነበረው ሠሪ ከሽምብራ ሊጡ ጣት የምታህል ድብልብል ቆርጦ ጣውላው ጫፍ ላይ ያስቀምጣታል። ከዚያ በመዳፉ ተጭኖ ወደፊት ይገፋታል፤ አንድ ግፊት ብቻ። ሊጡ እንደ መቀነት ረዝሞ ጣውላው ላይ ይነጠፋል። በቀጭን ቢላ ከሥሩ ላጥ አድርጎ ዘይቱ ውስጥ ያንሸራትተዋል። የሚቀጥለውን ሲገፋ የፊተኛው ወጥቷል። በግራም ተመዝኖ፣ ከተጠበሰ ቃሪያና ከተፈቀፈቀ ጥሬ ፓፓያ ጋር ይቀርብልሃል። ገና ሳልቀምሰው ሽታው ገደለኝ፤ ነጭ አዝሙድ ነው። እናቴ ሽሮ ስታዘጋጅ የምትጨምረው ያው ነጭ አዝሙድ! እነሱ አጅዋይን ይሉታል።

ሽምብራ የእኛም እህል ነው። ሽሮውን ተወውና ቡተቻ አለን፣ የሽምብራ ዓሣ አለን። እነሱ ሊጡን በእንፋሎት አብስለው እንደ ኅብስት የተነፋ፣ ቢጫ፣ ሰናፍጭ ፍሬ የተቁላላበት ካማን ያደርጉታል፤ ያፈሉታል፣ ይጠቀልሉታል፣ እንደ ክር አሽተው ይጠብሱታል። የእኛ ሙያ ከእነሱ አያንስም። ልዩነቱ የእኛው ከቤት አለመውጣቱ ነው። ቡተቻን ለመብላት ወይ እናት ያስፈልጋል ወይ በጾም ወራት ምግብ ቤት መግባት ያስፈልጋል። መንገድ ዳር ቡተቻ ስትሸጥ ያየኋት ሴት የለችም። ለምን እንደሆነ ኋላ እመለስበታለሁ።

ጾምን ካነሳሁ አይቀር፣ ዐቢይ ጾም ላይ የገጠመኝን ልናገር። ካማን ለመግዛት ገብቼ ለባለሱቁ በተማርኳት ጥቂት ጉጃራትኛ ጾመኛ መሆኔን ነገርኩት፤ ቅቤ እንዳያስነካብኝ ብዬ። ሰውየው ደንግጦ ካማኑን መለሰና የተጠበሰ ድንች፣ ኦቾሎኒና ከወተት የተሠራ ጣፋጭ አቀረበልኝ። ለካ የእነሱ ጾመኛ እህልና ጥራጥሬ አይበላም፤ ወተት ግን ይጠጣል። የእኛ 55 ቀን ደግሞ ሽምብራው ይበላል፣ ወተቱ ይቀራል። በእጅም በአፍም ብዬ አስረዳሁት። አጠገቤ የቆሙ አንዲት እናት ነገሩ ሲገባቸው ለሌላው ገበያተኛ ሁሉ ተረጎሙለት፤ ሱቁ ሙሉ ሰው ስለ ጾም ሲያወራ ቆየ። ከዚያ በኋላ እስከ ፋሲካ ድረስ ሰውየው ገና ከበሩ ሲያየኝ «ወተት የለበትም!» እያለ ነበር የሚቀበለኝ። እንጀራ በሌለበት አገር ጾምን መያዝ ብቸኝነት አለው። እዚያ ሱቅ ግን ብቻዬን ጾሜ አላውቅም።

ባጊያን ያገኘሁት በሁለተኛው ክረምት ነው። ሰኔ አጋማሽ ላይ፣ ያ የሚያቃጥል በጋ አልፎ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል የከተማው ሰው ግር ብሎ ይወጣል። ዝናቡን ሸሽቼ አንድ ሸራ ሥር ስጠለል ሰልፍ ላይ ራሴን አገኘሁት። ዳልቫዳ ይሉታል፤ ሰው ዝናብ ሲጥል የሚያምረው ምግብ ነው። ሰልፉ ሲያደርሰኝ ሰውየው ተዘፍዝፎ የተፈጨ የማሾ ክክ ከነቃሪያው ከትልቅ ሳፋ በጣቱ እየቆነጠረ ዘይት ውስጥ ሲለቅ አየሁት። እጁ ልክ የእማማ እጅ ነው፤ አቆነጣጠሩ፣ ወደ ዘይቱ አጣጣሉ። በወረቀት፣ ከጥሬ ሽንኩርትና ጨው ከተነሰነሰበት ጥብስ ቃሪያ ጋር ሰጠኝ። ነከስኩት። ውጪው ይከሽከሻል፣ ውስጡ ይለሰልሳል። ስሙ ብሃጂያ ዘንድ ቀርቶ ምግቡ እዚህ ተደብቆ ኖሯል። ዝናቡ እየዘነበ ሁለት ጊዜ ተመልሼ ተሰለፍኩ።

ማታ ማታ ደግሞ ማኔክ ቾክ አለ። አሕመድ ሻህ እ.ኤ.አ. በ1411 በቆረቆራት አሮጌዋ ከተማ መሃል፣ ከራሱ ከንጉሡ መቃብር አጠገብ ያለ አደባባይ ነው። ቀን ወርቅና ብር ይሸጥበታል። ሱቆቹ ሲዘጉ ጋሪና ጠረጴዛ ይወጣል፣ ምጣዱ ይግላል፣ እስከ እኩለ ሌሊትና ከዚያም በላይ ይበላል። ጉጃራት መጠጥ የተከለከለበት ክፍለ ግዛት ነው፤ ስለዚህ ማታ የሚወጣው ሰው የሚወጣው ሊበላ ነው። አያት፣ ምራት፣ የተኛ ሕፃን በትከሻ፣ ሁሉም አንድ አግዳሚ ላይ። እኛ አገር ምሽት የወንድ ነው፤ ሴትና ልጅ ከመሸ ደጅ ምን ይሠራል ይባላል። አንዲት አያት በእኩለ ሌሊት ከልጅ ልጃቸው ጋር ኩልፊ የሚሉትን አይስክሬም እየላሱ ሳይ ቀናሁ፤ እናቴን እንዲህ ይዣት ወጥቼ አላውቅም።

ወደ አደባባዩ ስሄድ የማልፈው በሲዲ ሰይድ መስጊድ በኩል ነው። መስኮቶቹ ድንጋይ መሆናቸው እስኪጠፋህ ድረስ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተፈለፈሉ ናቸው። ያሠራው ሰው ሲዲ ሰይድ ሐበሻ ነበር፤ በጉጃራት ሱልጣኖች ዘመን መጨረሻ፣ እ.ኤ.አ. በ1573 ገደማ። ሽማግሌዎች ከየት ነህ ሲሉኝ ኢትዮጵያ ስል «ሐብሺ!» ይሉና ወደዚያው ይጠቁሙኛል። ድሬ ባጊያን ከእነሱ ወስዳለች፤ እነሱም የከተማቸው ምልክት ያደረጉትን መስኮት ከእኛ ሰው አግኝተዋል።

አሁን ያቆየሁትን ላንሳ። ማኔክ ቾክ ላይ ቀን ቀን አትክልት የሚሸጡ ሴቶች አሉ። በእናቶቻቸው ቦታ የተቀመጡ ናቸው፤ ቦታው ግን በነፃ አልተገኘም። እዚያችው ከተማ እ.ኤ.አ. በ1972 የሕግ ባለሙያዋ ኤላ ባት በግል ሥራ የሚተዳደሩ ሴቶችን ማኅበር፣ ሴዋን፣ መሠረቱ። የማኔክ ቾክ አትክልት ሻጮች ፖሊስ ሲያባርራቸው በዚህ ማኅበር ተደራጅተው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ጉዳያቸውን እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አደረሱት። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2014 የመንገድ ላይ ነጋዴዎችን ኑሮ የሚጠብቅ ሕግ አወጣች፤ ነጋዴዎቹ ተቆጥረው የምስክር ወረቀት ሳይሰጣቸው ማንሳት አይቻልም ይላል። ቦታ የሚደለድለው ኮሚቴ ውስጥም ከአባላቱ ቢያንስ 40 በመቶው ራሳቸው ነጋዴዎች እንዲሆኑ ያዛል።

ሕጉ በየቦታው ይከበራል አልልም። እ.ኤ.አ. በ2021 አሕመዳባድ ውስጥ ሥጋና እንቁላል የሚሸጡ ጋሪዎች ከዋና መንገድ እንዲነሱ ተደርጎ ነበር። ጋሪያቸው የተወሰደባቸው ሰዎች ግን ከሰሱ፤ የጉጃራት ከፍተኛ ፍርድ ቤትም ሰው ከቤቱ ውጪ የሚበላውን እናንተ እንዴት ትወስናላችሁ ብሎ አስተዳደሩን ጠየቀ። ንጽሕናውም ቢሆን ሁሌ አያስተማምንም። በክረምት ውኃ የበዛበትን ማባያ ቀምሼ ሦስት ቀን ተኝቻለሁ። የምግብ ተቆጣጣሪው ከልክሎም ጥብስ ዛሬም ድረስ በጋዜጣ ይጠቀለላል።

ዋናው ነገር ግን ይኸውልህ። ካማን ሌሊቱን ሙሉ የሚቦካ ሊጥ ይፈልጋል። ፋፍዳ ጣውላ ይፈልጋል፣ የማይነቃነቅ ምድጃ ይፈልጋል። ዳልቫዳ ትልቅ የዘይት ምጣድ ነው። እነዚህን ተሸክሞ የሚሮጥ ሰው የለም። አዲስ አበባ ላይ የመንገድ ዳር ሻጮችን ልብ ብለህ አስተውል። ላስቲኩ አራት ጫፉ በገመድ ታስሮ ተነጥፏል፤ «መጡ!» ሲባል በአንድ ጉተታ ተሰብስቦ ይሮጣል። በዚያ ላስቲክ ላይ ምን ሊቀመጥ ይችላል? ማስቲካ፣ ሶፍት፣ ካልሲ፣ በፌስታል የታሰረ ቆሎ። ሳምቡሳ ቢኖር እንኳ ጠዋት ቤት ተጠብሶ የቀዘቀዘ ነው። ከዚያ «የእኛ የመንገድ ምግብ ዓይነት የለውም» እንላለን። ሴቶቻችን ሙያ አጥተው አይደለም። ቡተቻ የምትሠራው፣ የሽምብራ ዓሣ የምታውቀው ሴት እዚያው ከተማ ውስጥ አለች፤ ነገ የምትቀመጥበትን ቦታ ስለማታውቅ ሶፍት ትሸጣለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ጥሩ መክሰስ ስፈልግ ያገኘሁት ሠሪ ሁሉ ለረጅም ጊዜ አንድ ቦታ የተቀመጠ ሰው ነው።

ባለፈው ዓመት ለእረፍት ድሬ ገባሁ። እማማ አሁንም እዚያችው ጥግ ላይ ናቸው፤ በርጩማዋም ያችው ናት። ከአሕመዳባድ ያመጣሁትን አንድ ፓኬት ጋትያ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አስተካክለው አገላበጡት፣ አሸተቱት፣ አንዱን ሰብረው አፋቸው ውስጥ አቆዩት።

«ነጭ አዝሙድ አለበት» አሉ።

ባጊያ ከእነዚያ ሰዎች አገር እንደመጣ ነገርኳቸው። ዳልቫዳ የሚጠብሰውን ሰውዬም ቪዲዮ አሳየኋቸው፤ ስልኩን ከእጄ ወስደው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ሰውየው ሲቆነጥር፣ ሲለቅ፣ ሲቆነጥር፣ ሲለቅ ዝም ብለው አዩት።

«ዘይቱ ገና አልጋለለትም» ብለው ስልኩን መለሱልኝና ወደ ድስታቸው ዞሩ፤ ልጆቹ መሰለፍ ጀምረው ነበር።