እርማት፦ የደጋ ልጅ መሆን ከስፒቲ ከፍታ አያድንም

ወደ ህንዱ ስፒቲ ሸለቆ ለመሄድ ላሰቡ ወገኖች «እኛ የደጋ ልጆች ነን፣ ከፍታ አይነካንም፤ ስፖርት የሚሠራ ደግሞ ጭራሽ አያሰጋውም» የሚል ምክር ተሰጥቷል። ይህ ስህተት ነው። ሰውም ሊጎዳ ይችላል።

አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የስፒቲዋ ካዛ ከተማ ግን ከ3,600 ሜትር በላይ ናት፤ በአቅራቢያዋ ያለው የቡድሂስቶች ገዳም፣ ኪ፣ 4,100 ሜትር ያልፋል። ሸገር መኖር ሰውነትን ከፍታ ስለሚያላምድ ትንሽ ይረዳል፣ እውነት ነው። ለዓመታት ዱባይ ወይም ዋሽንግተን የኖረ ሰው ግን ያንን መላመድ ከሳምንታት በኋላ ያጣዋል። የስፖርት ብቃትም አይከላከልም። እንዲያውም ጉልበት ያለው ሰው ቸኩሎ ስለሚወጣ በከፍታ ሕመም ቶሎ ሊያዝ ይችላል።

ዋናው ነገር የአወጣጥ ፍጥነት ነው። ወደ ስፒቲ ከሚነሱባቸው ከተሞች አንዷ ከሆነችው ከማናሊ፣ ከ2,000 ሜትር ገደማ ተነስቶ፣ ከ4,500 ሜትር በላይ የሆነውን የኩንዙም የተራራ መተላለፊያ አቋርጦ በዚያው ቀን ካዛ ማደር ለሰውነት ከባድ ነው። በሺምላ ከተማና በኪናውር አውራጃ በኩል ያለው ሌላው መንገድ ይረዝማል፤ ግን ቀስ እያለ ይወጣል። በዚህ መንገድ ላይ ካዛ ሳትደርሱ ታቦ በምትባለው መንደር እደሩ። በ996 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው፣ በጭቃ የተሠራው የቡድሂስቶች ገዳም እዚያ ነው፤ የግድግዳ ሥዕሎቹ ብቻቸውን ያን ሁሉ መንገድ ያስኬዳሉ።

ከ3,000 ሜትር በላይ የምታድሩበት ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ ባይጨምር ይመረጣል። የከፍታ ሕመምን ለመከላከል ስለሚወሰደው መድኃኒት፣ ስለ አሴታዞላማይድ፣ ሐኪም አማክሩ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከመጣ ወደ ላይ አትቀጥሉ። መደናገር፣ መንገዳገድ ወይም ተቀምጦ እንኳ ትንፋሽ ማጠር ከታየ፣ ሌሊትም ቢሆን ወዲያውኑ ውረዱ።