እንኳን ለደራሲነት አበቃችሁ!

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ለምንኖር ሰዎች ብዙ ነገር ይጎድለናል። ውሃ በፈረቃ ነው። ታክሲው ከመሸ ቱሉ ዲምቱ ላይ አራግፎን ይመለሳል። ደራሲ ግን ሞልቶ ተርፎናል። በእኛ ብሎክ ብቻ አራት አሉ። ሦስቱ ጥሪያቸውን ያገኙት ካለፈው ፋሲካ ወዲህ ነው። አራተኛው ባለፈው እሁድ፣ ገና ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ በሬን አንኳኳ።

«ወንድሜ፣ መጽሐፍ ወለድኩ!»

«እንኳን ማርያም ማረችህ» አልኩት። ሌላ ምን ይባላል?

ዋጋው 400 ብር ነው። ለጎረቤት ተቀንሶ።

ይህ ሰው እስከ ጥር ድረስ የሲሚንቶ ደላላ ነበር። የሲሚንቶ ገበያ ሲቀዘቅዝ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ደራሲ እንደነበረ ትዝ አለው። የልጅነት ጥሪ ጨዋ ነው። ገበያ እስኪቀዘቅዝ ድምፁን አጥፍቶ ይጠብቃል።

ሽፋኑን ልንገራችሁ። አገጩን በመዳፉ ደግፎ ሩቅ ያያል። መነጽሩ የባለቤቱ ነው፣ አውቀዋለሁ። ከጀርባው በመጽሐፍ የተጨናነቀ መደርደሪያ አለ። እሱ ደግሞ ፎቶ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ነው። ከስሙ ሥር «ደራሲ፣ አሰልጣኝና አማካሪ» ይላል።

ውስጡ 96 ገጽ ነው። ምስጋናው 11 ገጽ ፈጅቷል። የእድሩ ዳኛ፣ ዱባይ ያለው አማቹ፣ መጽሐፉን የሚያሽግበት ካርቶን የሰጠው ባለሱቅ ሳይቀር ተመስግነዋል። ከዚያ የሦስቱ የብሎካችን ደራሲዎች አስተያየት ይከተላል። አንዱ «እስከ ዛሬ ያልተነበበ ድንቅ ሥራ!» ብሏል። እሱስ እውነቱን ነው።

ዋናው ጽሑፍ ገጽ 31 ላይ ይጀምራል። በአንድ ገጽ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ያውም ከመንገድ ማዶ በሚነበብ ፊደል። ገጽ 31፦ «ተነስ።» ገጽ 32፦ «ከተነሳህ አትቀመጥ።» ይህን ምክር የሰፈራችን አውቶቡስ ጠዋት ጠዋት በነፃ ይሰጠኛል። «ሕይወት» የምትለዋ ቃል ገጽ 33 ላይ በሐመሩ ሐ ተጽፋለች፣ ገጽ 34 ላይ በሃሌታው ሀ፣ ገጽ 35 ላይ በብዙኃኑ ኀ። ለማንም አላዳላም። ገጽ 58 «ዛፍ ከዘር ይበቅላል» ካለ በኋላ፣ ምናልባት ያልገባን እንዳለን ብሎ ዛፍ ስሎልናል። ገጽ 59 ባዶ ነው። ከላዩ «ያንተን ሐሳብ እዚህ ጻፍ» ይላል። እንዲህ ያለ ገጽ ቆጠርኩ፤ 14 ነው። የምጽፈው እኔ፣ 400 ብር የምከፍለውም እኔ! ለካ ድሮ አሸዋ ያበዛሉ እያለ ግንበኞቹን የሚራገመው ቀንቶ ኖሯል።

ሐዲስ ዓለማየሁ ምን አዘገያቸው እላለሁ አንዳንዴ። ጣሊያን ሲወር ዘመቱ፣ ተማርከው እዚያው ጣሊያን አገር ታሰሩ፣ ቆይተው አምባሳደር ሆኑ። ትልቁን ልብ ወለዳቸውን በ1958 ዓ.ም. ሲያሳትሙ ዕድሜያቸው ሃምሳን አልፎ ነበር። ይህን ሁሉ መንከራተት ለምን? የኔ ጎረቤት በሦስት ሳምንት ጨርሶታል። በመሃል ሁለት ለቅሶ ደርሷል።

መጽሐፉን የተየበችው የኮፒ ቤቷ ልጅ ናት። እሱ በእጁ ጽፎ ያመጣል፣ እሷ የቻለችውን ያህል ፊደል ታቃናለች፣ እሱ መልሶ ያጣምመዋል። ሦስት ጊዜ ከአዲስ አሠርቷታል። ሒሳብ ስትጠይቀው «ስምሽ ምስጋናው ውስጥ አለ አይደል?» አላት። ነበረ። በሦስተኛው እርማት ቦታ ጠበበ ተባለና ስሟ ወጥቶ የባለቤቱ እህት ገባች። የራሷን ስም ያስጠፋው በእሷው እጅ ነው።

እዚህ ላይ መቀለድ አልችልም። ይሄ ነውር ነው። ለማተሚያ ቤት ቀብድ አለ፣ ለኬክ አለ፣ ለድምፅ ማጉያ ኪራይ አለ። ሌሊት ቁጭ ብላ ለሠራች ልጅ ሲሆን ብር ይጠፋል። ሌባ ነው የሚባለው እንዲህ ያለው ሰው። ሌላ ስም የለውም።

እሺ፣ ወደ ምርቃቱ። አዳራሹ በዓል ሲመጣ ቅርጫ የምንካፈልበት የግቢው የጋራ ሕንፃ ነው። ዋሽንት ነፊ ነበረ። ገጣሚ ነበረ፣ እሱም የብሎክ 7 ሰው ነው፣ ጥሪውን ያገኘው በግንቦት። መድረክ መሪው «የዘመናችን ብዕር» እያለ ጋበዘውና ደራሲያችን ተነሳ። ጉሮሮውን ጠረገ። ገጽ 31ን ገለጠ።

«ተነስ!» አለ።

በዚያችው ቅጽበት ከውጭ አንዲት እናት «ኧረ ውሃ መጣ!» ብለው ጮኹ።

አዳራሹ ሙሉ ተነሳ። አንድ ሰው አልቀረም፣ ዋሽንት ነፊውም ጭምር። እኔም ቢጫ ጀሪካኔን ይዤ ቦኖው ጋ ስደርስ ሰልፉ ተጠምዝዟል። ከኋላዬ አንድ ሰው እያለከለከ መጣ። ሁለት ጀሪካን ይዟል፣ ከረባቱ ትከሻው ላይ ተገልብጧል። ደራሲው ነው።

«ወንድሜ» አለኝ፣ ትንፋሹን ሰብስቦ፣ «ያቺን 400 ብር በቴሌብር ላክልኝማ።»