ነጯ አበባ የእኛ አይደለችም

ልጄ ከትምህርት ቤት ሥዕል ይዛ መጣች። አንዲት ነጭ አበባ፣ ከሥሯ በሆላንድኛ «የኢትዮጵያ አበባ» የሚል ጽሑፍ። ተማሪዎቹ የየወላጆቻቸውን አገር አበባ እንዲሥሉ ታዘው ነው። እሷም ኢንተርኔት ላይ ያገኘችውን ሣለች፤ ካላ ሊሊን። ሆዴን ባር ባር አለኝ።

ካላ ሊሊ የደቡብ አፍሪካና የአካባቢው አበባ ናት። የሳይንስ ስሟ ውስጥ «ኤቲዮፒካ» የሚል ቃል አለ። የስዊድኑ የዕፅዋት ሊቅ ሊኒየስ በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1753 ስም ሲያወጣላት፣ አውሮፓውያን ከሰሐራ በታች ያለውን ሰፊ ምድር «ኢትዮጵያ» ይሉት ነበር። በዚያች ቃል ሰበብ ይኸው ዛሬም የእኛ ተደርጋ ትቆጠራለች።

የምንኖረው ሆላንድ፣ ላይደን ከተማ ነው። ቱሊፕ በዚህች ከተማ ትልቅ ታሪክ አለው። ዘሩ ግን ከመካከለኛው እስያ ተራሮች ነው፤ በቱርኮች በኩል ወደ አውሮፓ ገባ። ክሉሲየስ የሚባል የዕፅዋት ሊቅ በ1593 የዩኒቨርሲቲውን የአትክልት ቦታ ሊመራ መጣ፤ የተከለው ቱሊፕ በዓመቱ አበበ። ከዚያ ንግድ ሆነ። ዋጋው ጣሪያ ነክቶ በ1637 ተንኮታኮተ። አበባው ግን ቀረ። ዛሬ ኩከንሆፍ በሚባለው መናፈሻ ብቻ በየዓመቱ 7 ሚሊዮን ገደማ የአበባ ኮረት፣ እንደ ሽንኩርት ራስ ያለው፣ ይተከላል። የሰው አገር አበባ በእጃቸው ተክለው፣ ተንከባክበው የራሳቸው አደረጉት። ለዚህ አከብራቸዋለሁ።

የእኛዋን፣ አደይ አበባን፣ ግን ለልጄ በአፍ ማስረዳት አቃተኝ። ጳጉሜን ላይ ልጄን ይዤ አገር ቤት መጣሁ፤ ሱሉልታ፣ አክስቴ ቤት።

ከእንጦጦ ጀርባ ቁልቁል ሲወረድ ሜዳው ቢጫ ነበር። ልጄ እርጥቡ ሣር ላይ ተንበረከከች። አንዷን አደይ ቀጥፋ ቅጠሎቿን ቆጠረች፤ ስምንት። ጣቷ በብናኙ ቢጫ ሆነ።

«ማን ተከለው?» አለች።

«ማን ይተክለዋል የኔ እናት!» አለች አክስቴ። «ራሱ ቀኑን ያውቃል።»

ስለ አደይ ከዚህ የተሻለ መልስ ሰምቼ አላውቅም። ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ ዝናብ ነው። ወንዝ ይሞላል፣ ጭቃው አያስወጣም፣ የገበሬው ጎተራ ይጎድላል። ልክ ሰማዩ ሲገልጥ አደይ ብቅ ትላለች። ያኔ ዓመቱ ይለወጣል። ልጃገረዶች «አበባየሆሽ» ይላሉ። በመስቀል ዋዜማ፣ መስከረም 16፣ ደግሞ ችቦና ደመራው ላይ ትታሰራለች። የአክስቴ ጎረቤት ኦሮሞ ገበሬ ናቸው፤ «ኬሎ» ይሏታል፤ ለእሳቸውም ክረምት መውጣቱን የምታበስረው፣ ኢሬቻ መድረሱን የምትናገረው እሷው ናት። ስሟ ሁለት ነው፣ ጥበቃው አንድ። የአገር አበባ የሚያደርጋት ይሄ ይመስለኛል፤ ያ ሁሉ ሰው በአንድ ሰሞን ዓይኑን ሜዳው ላይ አድርጎ ሲጠብቃት።

ከሆለታ እርሻዎች ሆላንድ ድረስ የሚላከው ጽጌረዳችንም ያምራል፤ ላይደን ሳየው ደስ ይለኛል። ግን ዓመቱን ሙሉ አለ። ማንም አይጠብቀውም።

የእንቁጣጣሽ ዕለት ሦስት ልጃገረዶች እየዘፈኑ ገቡ። የያዙት እቅፍ ቀጭን ነበር። ከየት እንደቀጠፉት ጠየቅኳቸው።

«ገዝተን ነው፣ እትዬ» አለችኝ ትንሿ።

አክስቴ በእጇ ማዶውን አሳየችኝ። ድሮ ልጆቹ የሚቀጥፉበት ቦታ በቆርቆሮ ታጥሯል፤ ብሎኬት ተከምሮበታል። ሰው ቤት ያስፈልገዋል፤ አልካድኩም። ግን በአጥሩ ዳር አንድ ክንድ እንኳ መሬት ሳይነካ ቢቀር ምን ነበረበት? አደይ ብዙ አትጠይቅም። ፍሬዋ ደርቆ እስኪረግፍ አለመታጨድ ብቻ።

ልንመለስ ስንል አክስቴን ለመንኳት። የጓሮውን ሣር እስከ ኅዳር እንዳታስጨድ።

«ላሟስ ምን ትብላ?» አለችኝ። ልጄን አየቻት። ልጄ የደረቀችውን አደይ ደብተሯ ውስጥ እያስገባች ነበር።

«በቃ፣ አጥር አጥሩን እተወዋለሁ» አለች።