ፍጉ የት ይገባል?

በደረስኩ በማግስቱ ጠዋት የቤቱ እመቤት አካፋ ሰጠችኝና ከበረቱ ጀርባ ይዛኝ ሄደች። እዚያ በሲሚንቶ ግንብ የታጠረ፣ ከእኔ ቁመት የሚበልጥ የፍግ ክምር አለ። ጫፉ ላይ ሣር በቅሎበታል፤ ከጎኑ ሲቆፈር እንፋሎት ይወጣዋል። እመቤቲቱ እጇን ሰደደችና አንድ ጭብጥ ዘግና አሸተተችው፤ ከዚያ ለእኔ አቀበለችኝ። የከብት ሽታ የለውም። ዝናብ የመታው ጫካ ይሸታል። "ሁለት ዓመት ሞላው" አለችኝ፤ የልጅ ዕድሜ እንደሚነገር ባለ ድምፅ።

እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ፤ እበት አውቃለሁ። ከትምህርት ቤት ስመለስ በቅርጫት ለቅሜ፣ በእጄ ጠፍጥፌ፣ ከድንጋይ ካቡ ላይ ለጥፌ አድጌአለሁ። ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ኩበቱ ደርቆ መከመር አለበት፤ አለበለዚያ ክረምቱን ሙሉ እሳት የለም። ስለዚህ ያንን ክምር ሳይ መጀመሪያ ወደ ልቤ የመጣው "ይህ ሁሉ ማገዶ!" የሚል ቃል ነበር። ቀጥሎ የመጣው ግን ሌላ ነው፤ ሦስት ሳምንት ሙሉም አልለቀቀኝም።

ቦታው ፊንላንድ ነው፤ ሳቮ በሚባለው አውራጃ፣ ከሚኬሊ ከተማ ወጣ ብሎ። የምኖረው ስቶክሆልም፣ የምሠራው አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ነው። ባለፈው ዓመት የዕረፍት ጊዜዬን በገጠር እርሻ ላይ በነጻ ሳገለግል ላሳልፍ ወሰንኩ። ዉፍ የሚባል መረብ አለ፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1971 እንግሊዝ አገር የተጀመረ ነው። ያለ ኬሚካል የሚያርሱ ቤተሰቦች መኝታና ምግብ ይሰጣሉ፣ እንግዳው ግማሽ ቀን ያህል ይሠራል፤ በመካከላቸው ገንዘብ የለም። ማታ ከስቶክሆልም መርከብ ተሳፈርኩ፤ ጠዋት ቱርኩ ደረስኩ፤ ከዚያ በባቡር ጫካና ሐይቅ ሲፈራረቁ እያየሁ ሄድኩ። ጓደኞቼ ግራ ተጋብተው ነበር። "ከእርሻ ለማምለጥ አይደል እንዴ የተማርሽው?" አለችኝ አንዷ። እውነቷን ነው። ቤተሰቦቼ እኔን ለማስተማር በግ የሸጡት እንደ እነርሱ አፈር ስገፋ እንዳልኖር ነው። በእኛ አገር ከተማ ውስጥ "ገበሬ" ብሎ መስደብ እስከ ዛሬ አልቀረም። ያንን ስድብ በተማሪነቴ ሰምቼ፣ አባቴ ገበሬ መሆኑን ለሁለት ዓመት ደብቄ ነበር። ይህንን የምጽፈው እያፈርኩ ነው።

በስደት ያለን ሰዎች ቡና ስንጠጣ አንድ የማይቀር ወሬ አለን፦ "የእኛ አገር ምግብ እኮ ሁሉም ኦርጋኒክ ነው።" እኔም ብዬዋለሁ። ከሱፐርማርኬት የገዛነውን ዶሮ እያማረርን፣ የእናቶቻችንን ዶሮ እያነሣን፣ ፈረንጅ ዛሬ ገና የነቃበትን እኛ ስንኖርበት ቆየን እንላለን። ከሚኬሊ ከተመለስኩ በኋላ ግን ይህንን ቃል ከአፌ ማውጣት አልቻልኩም።

ፊንላንዶች ይህንን አስተራረስ "ሉኦሙ" ይሉታል፤ የተፈጥሮን ሥርዓት የተከተለ ማለት ነው። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ አንድ ማሳ በዚህ ስም ዓመታዊ ሰብል ለማብቀል ቢያንስ ሁለት ዓመት በሽግግር መቆየት አለበት። በሄክታር የሚገባው ፍግ እንኳ ልክ አለው፤ በዓመት ከ170 ኪሎ ናይትሮጅን መብለጥ አይችልም። ተቆጣጣሪ እየመጣ መዝገቡን ያገላብጣል፣ ላሞቹን ያያል፣ መጋዘን ይፈትሻል። አባወራው መዝገቡን ሲያሳየኝ እያንዳንዱ ማሳ እንደ ሕመምተኛ የራሱ ገጽ እንዳለው አየሁ። አንዱ ማሳ ሁለት ዓመት ማገጥና ሣር፣ ቀጥሎ ራይ የሚባለው የጥቁር ዳቦ እህል፣ ቀጥሎ አተርና አጃ ተደባልቀው፣ ከዚያ ካሮትና ሽንኩርት፣ ከዚያ ተመልሶ ማገጥ። ማገጡና አተሩ ከአየር ናይትሮጅን ስበው በሥራቸው ለአፈሩ ያስቀምጣሉ፤ ራዩ ይበላዋል።

አባቴ ትምህርት ቤት አልገባም፤ ይህንን ግን ያውቀዋል። ገብስ ያለበትን ማሳ በሚቀጥለው ዓመት ባቄላ ይዘራበታል፤ "መሬቱ ይረፍ" ይላል። ማሳ ማሳደርም ያውቃል። አያቴ ከሚነግሩን ነገር ዋነኛው የትኛው ማሳ ስንት ዓመት አድሮ እንደነበር ነው። ዛሬ ግን የሚያድር ማሳ የለም። አያቴ የነበራቸው ለአራት ልጅ ተከፍሏል፤ የአባቴ ድርሻ አምስት ጥማድ አይሞላም፤ እርሱንም ወንድሞቼ እየጠበቁት ነው። እውቀቱ አለ፣ እውቀቱ የሚሠራበት ስፋት የለም።

አንድ ማታ እራት ላይ አባወራው ጠየቀኝ። ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ሲናገር ቃል የሚቆጥር ሰው ነው። "እናንተ ዘንድ ፍጉ የት ይገባል?" አለኝ። ጓሮ ላለው ጎመንና ድንች ትንሽ ይደርሰዋል፣ አመዱም እዚያው ይደፋል፤ የቀረው ግን ይነድዳል አልኩት። እንጀራው የሚጋገረው፣ ወጡ የሚሠራው፣ ቤቱ የሚሞቀው በእርሱ ነው። ማንኪያውን አስቀምጦ ትንሽ ቆየና "ታዲያ ማሳው ምን ይበላል?" አለ።

የመለስኩለት ነገር የለም። ዩሪያ ሲገኝ ዩሪያ ይበላል፤ እርሱም ዋጋው እየተሰቀለ ነው። ሳይገኝ ይራባል። እኛ ኦርጋኒክ የምንለው አብዛኛው ነገር ይህ ነው፦ ምንም ያልተሰጠው መሬት። ከማሳው እህሉን እንወስዳለን፣ ገለባውን ከብቱ ይበላዋል፣ ከከብቱ የሚወጣውን ምድጃ ይበላዋል። ወደ አፈሩ የሚመለስ የለም። የዚያ ፊንላንዳዊ ቤተሰብ እርሻ ሉኦሙ የተባለው ኬሚካል ስለተወ ብቻ አይደለም፤ የወሰደውን በሚዛንና በመዝገብ ስለሚመልስ ነው።

ይህንን ስል ወገኖቼን እየነቀፍኩ አይደለም፤ እንዲያ የሚነበብ ከሆነ ብዕሬ አጥፍቷል ማለት ነው። ፊንላንድ ከምድሯ ወደ ሦስት አራተኛ የሚጠጋው ጫካ ነው። በዚያ ቤት ግድግዳ ሥር የተደረደረው የተፈለጠ በርች እንጨት የመንዝን አንድ ቀበሌ ያከርመዋል። እንጨት ያለው ሰው ፍጉን ለማሳው ይተውለታል። እናቴ እንጨት ቢኖራት ኩበት ትጠፈጥፋለች? በመንዝ ዛፍ ያረፈበት ቦታ ጥቂት ነው፤ ባሕር ዛፍ የተከሉ ሰዎች እንኳ ብዙውን ጊዜ ለቤት ሥራና ለሽያጭ ያውሉታል። አባቶቻችን ግን ከድህነት በላይ የሆነ ብልሃት አልነበራቸውም ማለት አይደለም። የመንዝን የጋራ ሣር ምድር ጓሳን አስቡት። በቄሮ ሥርዓት ለዘመናት ሣሩን ለዓመታት ዘግተው፣ ጠባቂ መርጠው፣ ጊዜው ሲደርስ ብቻ ከፍተው ሲያጭዱ ኖረዋል። ፊንላንድ ውስጥ ማንም ሰው ከማንም ጫካ ገብቶ እንጆሪና እንጉዳይ መልቀም መብቱ ነው፤ በሰፊው የተረፈ ነገር በር አያስፈልገውም። የእኛዎቹ ደግሞ ጥቂቱን ለትውልድ ለማቆየት በር ሠሩ። ሁለቱም ሕግ ከሀብቱ መጠን የተወለደ ነው፤ የእኛው ሕግ ይበልጥ ከባድ እንደነበር ግን አልጠራጠርም።

እመቤቲቱ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ግቢ ወሰደችኝና አንድ የድንጋይ መታሰቢያ አሳየችኝ። በረሃብ የሞቱት በጅምላ የተቀበሩበት ነው። እንደ እነርሱ አቆጣጠር ከ1866 እስከ 1868 በነበረው ረሃብ ከፊንላንድ ሕዝብ ስምንት በመቶ ያህሉ አልቋል። በ1867 ጸደዩ ክፉኛ ዘገየ፤ ዘግይቶ የበቀለውን እህል በመስከረም መጀመሪያ፣ በእኛ ነሐሴ ማብቂያ መሆኑ ነው፣ ውርጭ መታው። የጥድ ልጥ ልጠው፣ አድርቀውና ወቅጠው ከዱቄት ጋር ቀላቅለው ጋገሩ፤ ሰዉ ለምኖ ለመብላት ሲሰደድ ተስቦው በየመንገዱ ጨረሰው።

ውርጭ! መንዝ ውስጥ ይህንን ቃል ያለ ፍርሃት የሚጠራ ገበሬ የለም። ገብሱ ወተት ሲይዝ ሰማዩ ከጠራ አባቴ ሌሊት እየተነሣ ደጅ ይወጣል። እኔ የተወለድኩት ከ1977ቱ ረሃብ በኋላ ነው፤ የዚያ ዓመት ወሬ ግን ቤታችን ውስጥ እንደ ዘመድ ሞት በዝግታ ይነገራል። ለእመቤቲቱ ነገርኳት። እርሷም የዚያን ጊዜ ወጣት ሆና በቴሌቪዥን እንዳየችው፣ አያቷ ግን ቴሌቪዥኑን እያዩ "እኛም ነበርን" ብለው እንዳለቀሱ ነገረችኝ። ስለ ኢትዮጵያ ረሃብ ከባዕድ ሰው ጋር ሳወራ ጉሮሮዬ ያልታነቀው ያን ቀን ብቻ ነው።

ከድንጋዩ ሥር ቆሜ ያሰብኩት ከዚያ ወዲህ የሆነውን ነው። እንደ እነርሱ አቆጣጠር በ1918 የወጣ ሕግ ጭሰኞች የሚያርሱትን መሬት እንዲገዙ ፈቀደላቸው። ገበሬዎች ወተታቸውን በኅብረት መሸጥ ጀመሩ፤ ዛሬ በአገሪቱ ትልቁ የሆነው የወተት ድርጅት ቫሊዮ በ1905 በገበሬዎች ማኅበራት የተመሠረተ ነው። አርቱሪ ቪርታነን የተባለው ኬሚስት የከብት መኖ ለክረምት ሳይበላሽ የሚቆይበትን ዘዴ ስላገኘ በ1945 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ሳነብ ከሁሉ በላይ የነካኝ ይህ ነው። አንድ አገር ታላቁን ሊቁን ለላም መኖ ሲያሰማራ፣ ዓለምም ለዚያ ሲሸልመው! እኛ ዘንድ በእርሻ ኮሌጅ የተመደበ ተማሪ ቤተሰቡ ሲያዝን አይቻለሁ።

ስለ ሥራው ብዙ የምለው የለኝም። አረም አረምኩ፤ ካሮት መካከል በጉልበቴ እየሄድኩ። ጥጃ አጠባሁ፣ በረት ጠረግሁ፣ የደረቀውን ሣር ገለበጥኩ። ማረም ስጀምር እመቤቲቱ አየችኝና "ማን አስተማረሽ?" አለችኝ። እናቴ አልኳት። አረም የሴት ሥራ ነው፤ በመንዝ ሴት የማትነካው ሞፈሩን ብቻ ነው። እዚህ ግን ትራክተሩን የምትነዳው እርሷ ናት፤ ባሏ ወተቱን ያልባል። ፊንላንዶች የእርሻውን ወንድ ጌታ "ኢሳንታ"፣ ሴቷን "ኤማንታ" ይላሉ። አባወራና እማወራ ማለት ነው፤ ይህንን ስነግራቸው በጣም ደስ አላቸው። አንድ ነገር ብቻ ከበደኝ፤ በዕድሜ እናቴን የምታክለዋን ሴት "አንቺ" ማለት። በስሟ ጥሪኝ ብላኝ ነበር፤ በልቤ ግን እስከ መጨረሻው ቀን "እርስዎ" ስላት ነው የቆየሁት።

በአሥረኛው ቀን አንድ የማላውቀው ወጣት ማለዳ መጥቶ ወደ በረቱ ገባ። ከመንግሥት በሚከፈል ገንዘብ የሚመጣ ተተኪ ነው። ከብት የሚያረባ ገበሬ በዓመት 26 ቀን ዕረፍት የመውሰድ መብት አለው፤ በእነዚያ ቀናት ሌላ ሰው ያልብለታል። ባልና ሚስቱ ልብሳቸውን ለውጠው በሐይቁ ዳር ለሁለት ቀን ሄዱ። በረቱ ደጃፍ ቆሜ መኪናቸው ሲርቅ አየሁ። እናቴን አሰብኳት። በልደትም በፋሲካም ማልዳ ተነሥታ ታልባለች፤ ታማ ተኝታ እንኳ "ላሚቷ ታልባለች?" ብላ ትጠይቃለች። ሥልሳ ሰባት ዓመቷ ነው። አንድ ቀን እንኳ ከከብቶቿ አርፋ አታውቅም።

ሆኖም ያንን ቤት ገነት አድርጌ ልስለው አልችልም። የቅርቡ ጎረቤት ሁለት ኪሎ ሜትር ይርቃል። ፀሐይ እጅግ ዘግይታ በምትጠልቅበት በዚያ የሰኔ ማታ፣ በረንዳው ላይ ተቀምጠን ቡና ስንጠጣ (ቡናስ ከእኛም በላይ ይጠጣሉ) የሚሰማው የወፍ ድምፅ ብቻ ነው። ሰው አይመጣም። "እንደምን ዋላችሁ" ብሎ የሚያልፍ የለም። የመንደሩ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ሦስቱ ልጆቻቸው ሄልሲንኪና ታምፔሬ ናቸው፤ አንዳቸውም አይመለሱም። እመቤቲቱ የፍጉን ክምር እየገለበጠች "የሚቀጥለው ማን እንደሚበትነው አላውቅም" ስትለኝ ድምፅዋ ተሰበረ። በእኛ ቤት አምስት ጥማዱን አራት ወንዶች ይጠብቁታል፤ እዚህ አርባ ሄክታር አንድም ጠባቂ የለውም። ምን እንደምላት ጨንቆኝ አካፋዬን አንሥቼ አብሬያት መገልበጥ ጀመርኩ።

ከመመለሴ በፊት ባለው ማታ አባቴ ጋ ደወልኩ። የት እንዳለሁ አስቀድሜ አልነገርኩትም ነበር።

"ደመወዙ ስንት ነው?" አለኝ መጀመሪያ።

ደመወዝ የለውም፤ አብልተው አሳድረው ያሠሩኛል አልኩት።

"ታዲያ ደቦ ነዋ።"

እነርሱም ደቦ አላቸው፤ ታልኮት ይሉታል አልኩት። ስለ ማገጡ፣ ስለ መዝገቡ፣ ስለ ፍጉ ክምር ነገርኩት። ክምሩ ምን ያህል እንደሆነ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ። ስንት ላም እንዳላቸው፣ ምን ያህል ወተት እንደሚሰጡ፣ በምን እንደሚያበስሉ ጠየቀኝ። በሃያ ዓመት ውስጥ ከአባቴ ጋር ያን ያህል ረጅም ጊዜ በስልክ አውርተን አናውቅም። በመጨረሻ ዘንድሮ አገር ቤት ልመጣ ማሰቤን ነገርኩት።

"ልትጠይቂን ነው?"

"ልሠራ ነው" አልኩት።

ዝም አለ። በስልኩ ውስጥ የበግ ድምፅ ይሰማኛል፤ ማታ ስለነበር እያስገባቸው ይሆናል።

"እንግዲያው በኅዳር ነይ" አለኝ። "ገብሱ የሚታጨደው ያኔ ነው።"