ማስተካከያ፦ የዋዝ ዘይት ሁለት ቦታ ብቻ አይደለም
ባለፈው ስለ አሮጌ የጦር ዋዝ (የሶቪየት ሥሪት ጂፕ) ስጽፍ «የፊትና የኋላ ዲፈረንሻል ዘይት ከቀየራችሁ በቂ ነው» ብዬ ነበር። ዲፈረንሻል ማለት በጎማዎቹ መካከል ያለው፣ ጉልበቱን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው ማርሽ ነው። ተሳስቻለሁ፣ ይቅርታ። ያ የሚሠራው 469ቢ ለሚባለው የሲቪል ሞዴል ነው። የወታደሩ 469 በአራቱም ጎማ በኩል ተጨማሪ ማርሽ ቤት አለው። የመኪናው ሆድ ከመሬት 30 ሳንቲሜትር ከፍ ያለውም በዚሁ ነው፤ የሲቪሉ 22 ነው። አራቱም ማርሽ ቤቶች የየራሳቸውን ዘይት ይፈልጋሉ።

ክረምት ላይ በጣና ዳር ጭቃና ውሃ የምታቋርጡ ደግሞ አደራ! ትናንት እዚሁ ባሕር ዳር የአንዱን ዋዝ የጎማ ማርሽ ቤት የዘይት ቡሎን ፈታን። የወጣው ዘይት ወተት የገባበት ቡና ይመስላል። ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው። እንዲህ ካያችሁ ሳታድሩ ቀይሩት፤ ማርሹ ከተበላ መለዋወጫው በቀላሉ አይገኝም።

ያኔ ደረቅ አስፋልት ላይ የፊት ጎማ አታስገቡ (አራቱም ጎማ እንዲጎትት አታድርጉ) ያልኩት ግን እንዳለ ነው።