ትል የምታይ ልጅ ሥራ ፈት አይደለችም

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። አንዲት ልጅ ቁጭ ብላ ቅጠል ላይ ያለ አባጨጓሬ ስታይ ብናገኛት ምን እንላታለን? «ተነሺ፣ ሥራ የለሽም?» ደብተሯ ላይ ጥንዚዛ ስላ ካየን ደግሞ እንገላምጣታለን። ይባስ ብለን አባጨጓሬውን ፊቷ እንረግጠዋለን። ኧረ ነውር ነው!

ነፍሳትን እያየች የሣለችውን ጀርመናዊት ሠዓሊ ማሪያ ሲቢላ ሜሪያንን እወቋት። እ.ኤ.አ. በ1647 ፍራንክፈርት ተወለደች። ሥዕል ያስተማራት እንጀራ አባቷ ነው። በ13 ዓመቷ የሐር ትል ማየት ጀመረች፤ ከዚያ ወደ ሌሎች አባጨጓሬዎች ተሻገረች። እየሰበሰበች አረባቻቸው። የትኛው የትኛውን ቅጠል እንደሚበላ ለየች። መቼ ቆዳውን እንደሚጥል፣ መቼ በሽፋን ተጠቅልሎ እንደሚተኛ ጻፈች። ያኔ የተማሩ ሰዎች ሳይቀሩ ብዙዎች ነፍሳት ከጭቃና ከብስባሽ በራሳቸው ይፈጠራሉ ብለው ያምኑ ነበር። እሷ ግን እንቁላሉን፣ አባጨጓሬውንና ቢራቢሮውን ከሚበሉት ተክል ጋር አንድ ገጽ ላይ ሣለች። አንዳንዴ ቢራቢሮ ስትጠብቅ ከሽፋኑ ዝንብ ይወጣል። እሱንም እንዳየችው መዘገበች። የመጀመሪያው የአባጨጓሬ መጽሐፏ በ1679 ወጣ። ያኔ የልጆች እናት ነበረች።

በ1699፣ በ52 ዓመቷ፣ ሥዕሎቿን ሸጣ ከትንሿ ልጇ ከዶሮቴያ ጋር በመርከብ ደቡብ አሜሪካ ወዳለችው ሱሪናም ሄደች። አገሩ የሆላንድ ቅኝ ግዛት ነበር፤ በባርነት የተያዙ ሰዎች ሸንኮራ የሚያለሙበት። ባለ እርሻዎቹ ከስኳር ሌላ ነገር ትፈልጋለች ብለው እንደሳቁባት ራሷ ጽፋለች። ይህን ሳነብ የታዩኝ እኛ ነን። «ስንት ያስገኛል?» ከማለት በፊት ሌላ ጥያቄ የማይመጣልን እኛ!

እዚያ ስለ ተክሎች ብዙ የነገሯት በባርነት የነበሩ ሴቶች ናቸው። ልጆቻቸው ባሪያ ሆነው እንዳይወለዱ በአንድ ተክል ፍሬ ፅንስ እንደሚያስወርዱ ነገሯት። እሷም ጻፈችው። የሴቶቹን ስም ግን አልጻፈችም፤ ይህ ያሳዝነኛል። እናንተም ከገበሬ፣ ከእረኛ፣ ከሠራተኛችሁ የሰማችሁትን የራሳችሁ እውቀት አድርጋችሁ አታውሩ። ማን እንደነገራችሁ ተናገሩ።

በ1701 ታማ ወደ አምስተርዳም ተመለሰች። በ1705 ስለ ሱሪናም ነፍሳት 60 ትልልቅ ሥዕሎች ያሉበት መጽሐፍ አሳተመች። በአንዱ ሥዕል ላይ ትልቅ ሸረሪት ትንሽ ወፍ ይበላል። ከመቶ ዓመት በኋላ የመጡ አንዳንድ ምሁራን ይህን ፈጠራ ነው ብለው አጣጣሉት። በኋላ እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሄንሪ ቤትስ እንዲህ ያለ ሸረሪት ወፍ ይዞ አማዞን ውስጥ አየ፤ በ1863 ባሳተመው መጽሐፍም ጻፈው። ሴትየዋ ከሞተች 146 ዓመት ሆኗት ነበር።

አልተሳሳተችም እያልኩ አይደለም። ሌሊት ያበራል ብላ የጻፈችለት አንድ ነፍሳት አያበራም። ይህ የታወቀው ግን ነፍሳቱን ባዩ ሰዎች ነው፤ ሳያዩ በማፌዝ አይደለም። እኛ የለመድነው ማፌዙን ነው። አንድ ሰው ያየውን ሲነግረን «ማን ነህ አንተ?» እንላለን። ሴት ከሆነች ደግሞ መጠየቁም ይቀራል፣ ወሬ ነው ብለን እናልፋታለን።

ወላጆች፣ አስተማሪዎች፣ እባካችሁ ተዉ። ልጅቷ «ይሄ ምን ይሆናል?» ብላ ስትጠይቃችሁ የማታውቁ ከሆነ አላውቅም በሉና አብራችኋት ተቀመጡ። ስትስል ስልክ አትደቅኑባት፣ ለሰው ለማሳየት አትጣደፉ። ደብተሯንም አትቀሟት። ከሥዕሉ ሥር ቀኑንና የቅጠሉን ዓይነት እንድትጽፍ ብቻ ንገሯት።