«ደረሰኝ አለኝ» አትበሉ

በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ በተለይ ዜግነት ገና ያልወሰዳችሁ፣ ስለ ማሪዋና ይሄን ቆጣ ብዬ ነው የምጽፍላችሁ።

ባለፈው አንድ ወንድማችን የዜግነት ፎርም ሊያስሞላ ቤቴ መጣ። ቡና እየጠጣን ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ እያነበብኩለት ዕፅ የሚለው ላይ ደረስን። «ማሪዋና አልፎ አልፎ አጨሳለሁ፤ ግን ሕጋዊ ነው» አለኝ። እንዳምነው ብሎ የተጨማደደ የሱቅ ደረሰኝ ከኪሱ አውጥቶ ስኒው አጠገብ ዘረጋልኝ። ታክስ ሳይቀር ከፍሏል። እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።

ስሙኝማ። ሱቁን የፈቀደው ስቴቱ ነው። ሜሪላንድ ከጁላይ 1 ቀን 2023 ጀምሮ 21 ዓመት ለሞላው ሰው ፈቅዳለች። ግሪን ካርዱን የሰጣችሁ ግን ፌዴራል መንግሥቱ ነው፤ የሚጠይቃችሁም በራሱ ሕግ ነው። በእሱ ሕግ ደግሞ ማሪዋና ክልክል ነው።

«ውስኪስ? እሱ አይብስም?» ትሉኛላችሁ። እውነት አላችሁ። መጠጥ ስንቱን ትዳር እንዳፈረሰ እኔም አይቻለሁ። ግን ሕጉ የወጣው ጉዳቱ በሚዛን ተለክቶ አይደለም። አሜሪካ መጠጥንም ከ1920 እስከ 1933 ከልክላ ነበር። ሕዝቡ ተደብቆ ጠጣ፣ ኮንትሮባንዲስቱ ከበረ፣ መንግሥትም ቀረጡ ቀረበት። ሕገ መንግሥቱን አሻሽለው መጠጡን መለሱት። ለማሪዋና ግን ያኔ የሚሟገትለት ብዙ ሰው አልነበረም። 1937 ላይ በቀረጥ ሕግ አንቀው ያዙት። የ1970ው የዕፅ ሕግ ደግሞ ከሄሮይን ጋር አንደኛ ምድብ፣ ማለትም እጅግ ጥብቅ ቁጥጥር ያለበት ዝርዝር ውስጥ ከተተው። ያው ሕግ ቢራን፣ ወይንን፣ አረቄንና ትምባሆን በስም ጠርቶ ከቁጥጥሩ አወጣቸው። ፍትሐዊ ነው አላልኩም፤ የሚሠራው ሕግ ግን ይሄ ነው።

ስለዚህ ራት ላይ ቢራ የጠጣ ሰው ፎርሙ አያስጨንቀውም። (ጠጥቶ መንዳት ሌላ ነው፤ እሱም ጣጣ አለው።) ማሪዋና ያጨሰ ግን ፖሊስ ሳይዘው፣ በገዛ አፉ ስላመነ ብቻ ዜግነት ሊከለከል ይችላል። አዲስ አበባ እናቱን ጠይቆ ሲመለስ ኤርፖርት ላይ ሊያዝ ይችላል። ሱቁ ውስጥ ተቀጥሮ የሚሠራውም ከዚህ አያመልጥም።

«አላጨስኩም በል፣ ማን ያውቃል» እያላችሁ የምትመክሩ ደግሞ እባካችሁ ተዉ። ፎርም ላይ መዋሸት ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። ያ ወንድማችን ሳይፈርም ፎርሙን አጥፎ ሄዷል፤ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋ ቀጠሮ ይዟል። እናንተም ጠበቃ ጠይቁ እንጂ ሱቅ ውስጥ ያለውን ሻጭ አትጠይቁ። ግሪን ካርድ እስከያዛችሁ ድረስም በዚያ ሱቅ ደጃፍ አትለፉ።